የድሮ አርኬድ የዝላይ ጌሞችን በቤት ኮንሶል መጫወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዶንኪ ኮንግን፣ ድሮ በጨዋታ አዳራሽ (አርኬድ) በሳንቲም ይጫወቱት የነበረውን ጌም፣ ዋና ቅጂ ቤቴ ቴሌቪዥን ላይ ከከፈትኩ ወዲህ ወዳጆቼና ዘመዶቼ የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። ከባድነቱን፣ የስክሪኑን መጥበብ፣ እንዴት እንደሚገዛ። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዝላይ ጌም ስትል የትኞቹን ነው?

ወለል ከወለል በላይ ተደራርቦ፣ ሰውዬው በመሰላልና በዝላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርባቸውን ነው። በተለምዶ ፕላትፎርም ጌም ይባላሉ። በ1980 የወጣው ስፔስ ፓኒክ መሰላልና ወለል ነበረው፤ ዝላይ ግን አልነበረውም። ዝላይን የነገሩ ሁሉ እምብርት ያደረገው በ1981 የወጣው፣ የጃፓኑ ኩባንያ የኒንቴንዶ ዶንኪ ኮንግ ነው። የጌሙ ጀግና ማሪዮ ያኔ ገና ስሙ አልወጣለትም፤ ጃምፕማን ነበር የሚባለው። በ1983 ማሪዮ ብራዘርስ፣ በ1985 የካፕኮም ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ፣ በ1986 የታይቶ በብል ቦብል ተከተሉ። እዚህ የማወራው በተለይ ስለ እነዚህ አራቱ ነው፤ በደንብ የማውቃቸው እነሱን ነውና።

ዶንኪ ኮንግ እንዴት ተፈጠረ?

ከኪሳራ ነው የተወለደው። ኒንቴንዶ ራዳር ስኮፕ የሚባል የተኩስ ጌም ሠርቶ ወደ አሜሪካ 3,000 ሣጥን (ስክሪንና ዱላ ያለው የአዳራሽ ማሽን) ላከ፤ 2,000 ገደማው ሳይሸጥ መጋዘን ውስጥ ቀረ። እነዚያን ሣጥኖች በሌላ ጌም ቀይሮ የማዳኑ ሥራ ለወጣቱ ሠዓሊ ለሺጌሩ ሚያሞቶ ተሰጠ። ከዚያ በፊት ራሱን ችሎ ጌም ነድፎ አያውቅም። ያመጣው ሐሳብ ዝንጀሮ፣ አናጢና የተጠለፈች ልጅ የያዘ ታሪክ ነበር። ያልተሸጡት ሣጥኖች ተከፍተው፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳቸው ተቀይሮ ዶንኪ ኮንግ ሆነው ወጡ፤ ኩባንያውም በአሜሪካ እግሩን የተከለው በዚያ ነው።

ልጅ ሳለሁ በቴሌቪዥን ጌም ተጫውቼዋለሁ። ያው አይደለም እንዴ?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአዳራሹ ዶንኪ ኮንግ አራት ደረጃ አለው። በከፍታቸው 25፣ 50፣ 75 እና 100 ሜትር ተብለው ይጠራሉ። በሐምሌ 1983 ፋሚኮም የተባለው የኒንቴንዶ የቤት ኮንሶል ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ አብረውት ከወጡት ሦስት ጌሞች አንዱ ዶንኪ ኮንግ ነበር፤ ነገር ግን የ50 ሜትሩ ደረጃ ተቆርጦ ቀርቷል። ካሴቱ በአጠቃላይ 24 ኪሎባይት ብቻ ነው የሚይዘው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። አታሪ 2600 ለተባለው ሌላ የቤት ኮንሶል የወጣው ቅጂ ደግሞ ከአራቱ ሁለቱን ብቻ ነው የያዘው።

የቀረው ደረጃ ትንሽ ነገር አይደለም። በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ የሲሚንቶ ገበታ የሚመላለስበት፣ ቀበቶው ድንገት አቅጣጫ የሚቀይርበት፣ መሰላሉ ራሱ ወደ ታች የሚሰበሰብበት ደረጃ ነው። እኔ በልጅነቴ ጌሙን ጨርሼዋለሁ ብዬ አምን ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን ደረጃ ሳየው፣ የኖርኩበት ቤት ያላየሁት ክፍል ኖሮት እንዳገኘሁት ያህል ነው የተሰማኝ።

እጄ ላይ ያለው የአዳራሹ ቅጂ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መክፈቻውን ተመልከቱ። በአዳራሹ ቅጂ ጌሙ ሲጀመር ዝንጀሮው ልጅቷን ይዞ በመሰላል ይወጣል፤ ከዚያ በላይኛው ወለል ላይ እየዘለለ ሲረግጥ ቀጥ ብለው የነበሩት ብረቶች አንድ በአንድ ይጣመማሉ። ቀጥሎ ምን ያህል ከፍታ መውጣት እንደምትችሉ የሚጠይቅ ጽሑፍ ይመጣል። የፋሚኮሙ ቅጂ ይህ ሁሉ የለውም፤ በቀጥታ ጨዋታ ይጀምራል።

የ50 ሜትሩን ደረጃ ለማረጋገጫ ብትጠብቁ ግን ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። የጃፓኑ ቅጂ አራቱን በቅደም ተከተል ያሳያል። ዓለም አቀፉ ቅጂ በመጀመሪያው ዙር ከ25 ቀጥታ ወደ 100 ይዘላል፤ በሁለተኛው 75ን ይጨምራል፤ የ50ው ደረጃ የሚመጣው በሦስተኛው ዙር ነው። እዚያ ሳይደርሱ «የለውም» ብለው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ።

ዋናውን ቅጂ በየትኛው ኮንሶል አገኛለሁ?

ሃምስተር የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ከ2014 ጀምሮ አርኬድ አርካይቭስ በሚል ስም የድሮ የአዳራሽ ጌሞችን አንድ በአንድ እያወጣ ነው፤ መጀመሪያ በፕሌይስቴሽን 4፣ በኋላ በኒንቴንዶ ስዊችም (የራሱ ስክሪን ባለው ኮንሶል)። የኒንቴንዶዎቹ ግን ስዊች ላይ ነው ያሉት። ማሪዮ ብራዘርስ በመስከረም 2017፣ ዶንኪ ኮንግ በሰኔ 2018 ወጡ። ዶንኪ ኮንጉ ሦስት ቅጂ አብሮ ይዟል፦ የመጀመሪያውን የጃፓን፣ የታረመውን የጃፓንና ዓለም አቀፉን። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ በአንድ ጌም ገንዘብ የጌሙን ታሪክ ጭምር ነው የምታገኙት።

ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ ካፕኮም አርኬድ ስታዲየም በተባለው ስብስብ ውስጥ አለ። በብል ቦብልን የፈለገ በብል ቦብል 4 ፍሬንድስ የሚለውን አዲሱን ጌም ይግዛ፤ የ1986ቱ ዋና ቅጂ በውስጡ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔ የገዛሁት ለአሮጌው ስል ነው።

ኢትዮጵያ ሆኜ እንዴት ልግዛ?

ችግሩ ክፍያው ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ውጭ ያለ ዘመድ የስጦታ ካርድ ገዝቶ ኮዱን በቴሌግራም እንዲልክለት ማድረግ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፦ የካርዱ አገርና የአካውንታችሁ አገር አንድ መሆን አለበት። አካውንታችሁ አሜሪካ ተብሎ የተከፈተ ከሆነ አውሮፓ ውስጥ የተገዛ የኒንቴንዶ ካርድ አይሠራም። እኔ ይህን ሳላውቅ እህቴን አስገዝቼ ኮዱ አልገባ ብሎኝ ካርዱን ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ስለዚህ «ላኩልኝ» ከማለታችሁ በፊት አካውንታችሁ በየት አገር እንደተከፈተ ግቡና እዩ።

ጌሞቹ ከዘመኑ ጌሞች አንጻር በጣም ቀላል ስለሆኑ ዳታ አይጨርሱም። አንዴ ስዊቹ ላይ ካወረዳችኋቸው ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራሉ። ስዊች በባትሪም ስለሚሠራ መብራት ሲሄድ ጨዋታው አይቋረጥም፤ እኛ ቤት ዶንኪ ኮንግ በብዛት የሚከፈተው እንዲያውም ያኔ ነው።

ለምን እንዲህ ይከብዳል? ሦስቱም ነፍሴ በአንድ ደቂቃ አለቀ።

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ጌሞቹን ሁሉ ይፈታል።

እነዚህ ጌሞች የተሠሩት ለሳንቲም ነው። አንድ ልጅ ሳንቲም አስገብቶ ግማሽ ቀን ቢቆም የአዳራሹ ባለቤት ይከስራል፤ በሠላሳ ሴኮንድ ቢሸነፍ ደግሞ ልጁ ተናዶ አይመለስም። ስለዚህ ጌሙ ቶሎ ማሸነፍ አለበት፤ ግን ስትሸነፉ ጥፋቱ የእናንተ መሆኑን እንድታምኑ ማድረግ አለበት። «አሁን ገባኝ፣ አንዴ ብቻ» ብላችሁ ኪሳችሁን እንድትዳብሱ። ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ «የተሸነፈ ይነሳል» በሚለው ሕግ ያደገ ሰው ይህ ስሜት ይገባዋል። ከኋላችሁ የሚጠብቅ ሲኖር እጃችሁ ሌላ እጅ ይሆናል።

የእህቴን ልጅ መጀመሪያ ሲጫወት አየሁት። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በዘመኑ ጌሞች የሚያሸንፈው የለም። ጃምፕማንን ከብረቱ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ አራመደው፤ ሰውዬው ከቁመቱ ብዙም ከማይበልጥ ከፍታ ወደቀና ሞተ። «ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ። አልተበላሸም። ጃምፕማን ከቁመቱ በላይ ከወደቀ ይሞታል። አንዴ ከዘለለ በአየር ላይ አቅጣጫ አይቀይርም። መዶሻ ከያዘ መዝለልም መሰላል መውጣትም አይችልም። የዘመኑ ጌም ሰውዬውን አየር ላይ እያለ ወደፈለጋችሁበት ትስቡታላችሁ፤ እዚህ ግን ዝላዩን የምትወስኑት እግሩ ገና መሬት ላይ ሳለ ነው። ልጁ ይህ የገባው በሁለተኛው ቀን ነው። ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ትንፋሹን ሲውጥ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ በርሜሎቹን እየቆጠረ መዝለል ጀመረ።

የመጀመሪያውን ደረጃ እንዴት ልለፍ?

ከላይ እስከ ታች በዝርዝር ልናገር፤ ይህን የለመደ ሌላውንም ይለምዳል።

ገና ሲጀመር ዝንጀሮው አንድ በርሜል ቀጥታ ወደ ታች ይጥላል። ያ በርሜል ታች ያለውን የዘይት በርሜል ያቀጣጥለዋል፤ ከእሳቱም እየተንቀሳቀሰ የሚያሳድዳችሁ ነበልባል ይወጣል። ስለዚህ ታች መዋል አይቻልም። ቀጥሎ በርሜሎቹ በተጣመሙት ብረቶች ላይ እየተንከባለሉ ይመጣሉ፤ መሰላል ሲደርሱ አንዳንዶቹ ይወርዱበታል፣ አንዳንዶቹ ያልፉታል። የተሰበረ መሰላል ለእናንተ መንገድ አይሆንም፤ ለበርሜል ግን ይሆናል። የተሰበረ መሰላል ሥር ቆማችሁ አትጠብቁ።

ዓይናችሁ ጃምፕማን ላይ አይሁን። አንድ ወለል ከፍ አድርጋችሁ እዩ፤ የሚገድላችሁ በርሜል ያለው እዚያ ነው። መሰላል ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ጫፉ ላይ በርሜል እየመጣ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ፤ መሰላል መሃል ላይ ሆኖ መዝለል የለም። ከእናንተ እኩል ወይም በታች የደረሰ በርሜል መሰላል አይወርድም፤ እሱን መዝለል ብቻ ነው።

መዶሻው ሁለት ቦታ አለ፣ ከታችና ከላይ። ጀማሪ ሁሉ ይሮጥለታል። ነጥብ ይሰጣል፤ በአንድ በርሜል 300፣ 500 ወይም 800። ግን ወደ ላይ መውጣት ስለማትችሉ ሰዓታችሁን ይበላል፤ መዶሻው ወደ ላይ በተነሳበት ቅጽበት በእግር ሥር የሚመጣ በርሜልም ይገድላችኋል። መጀመሪያ ያለ መዶሻ መውጣት ልመዱ፤ ነጥቡ ኋላ ይደርሳል።

ሳንቲሙ በነጻ ከሆነ ጨምሬ ጨምሬ ለምን አልጨርሰውም?

መብታችሁ ነው፤ ኮንሶል ላይ ሳንቲሙ የምናብ ስለሆነ በአንድ ቁልፍ የፈለጋችሁትን ያህል ታስገባላችሁ። እኔ ግን ለምትጠይቁኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ በአንድ ሳንቲም ተጫወቱ። ሲያልቅ አልቋል፤ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስን በአንድ ከሰዓት ከፍቼ በነጻ ሳንቲም እየቀጠልኩ በጉልበት እየገፋሁ ሄጃለሁ፤ ማታ ላይ ምን እንዳለፍኩ እንኳ አላስታውስም ነበር። በአንድ ሳንቲም ስጫወት ግን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ለመድረስ ሳምንት ፈጀብኝ፤ የመጀመሪያው ደረጃ የሆነውን መቃብር ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ መሄድ እችላለሁ። ሳንቲሙ ውድ ሲሆን እያንዳንዱ ዝላይ ዋጋ ያገኛል። ያ ዋጋ ከጌሙ ሲወሰድ የሚቀረው ሥዕልና ድምፅ ብቻ ነው።

በአርኬድ አርካይቭስ ይህን የሚያስጠብቅላችሁ ሁለት ዓይነት አጨዋወት አለ። ሀይ ስኮር የሚለው ማስተካከያ መነካካትን አይፈቅድም፤ ነጥባችሁ ከዓለም ተጫዋቾች ጋር በኢንተርኔት ይሰለፋል። ካራቫን የሚለው ልክ አምስት ደቂቃ ይሰጣችኋል፤ በዚያ ውስጥ የቻላችሁትን ታስመዘግባላችሁ። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ የምከፍተው ካራቫንን ነው።

ሴቭ ማድረግ ወይም ወደ ኋላ መመለስ ማጭበርበር ነው?

ለልምምድ ከሆነ አይደለም። የካፕኮም ስብስብ ጌሙን ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ አለው፤ ፍጥነቱንም መቀነስ ይቻላል። የዶንኪ ኮንግ 75 ሜትር ደረጃ ላይ ሊፍት አለ፤ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይወርዳል፤ ከላይ ደግሞ እየነጠረ የሚመጣ የብረት ስፕሪንግ። ዓለም አቀፉ ቅጂ እዚህ የሚያደርሳችሁ በሁለተኛው ዙር ስለሆነ ለመለማመድ ዕድል አይገኝም። እዚያው ሴቭ አድርጌ ሠላሳ ጊዜ ያህል ሞከርኩት፤ ስፕሪንጉ የሚወድቅበትን ቦታ ሳውቅ ሴቩን ተውኩትና ከአንድ ሳንቲም ጀመርኩ። ነጥብ ስታስመዘግቡ ግን አትጠቀሙበት።

የነፍስ ቁጥርም መቀየር ይቻላል። በድሮው ሣጥን ውስጥ ባለቤቱ የሚነካቸው ትንንሽ መቀያየሪያዎች ነበሩ፤ በዶንኪ ኮንግ ነፍሱን ከ3 እስከ 6፣ ተጨማሪ ነፍስ የሚሰጥበትን ነጥብ ከ7,000 እስከ 20,000 ያደርጉት ነበር። ያው ማስተካከያ ዛሬ በሜኑ ውስጥ አለ። ለትንንሽ ልጆች 6 አድርጉላቸው።

ቴሌቪዥኔ ሰፊ ነው፤ ጌሙ ለምን መሃል ላይ ጠበብ ብሎ ይታያል?

የዶንኪ ኮንግ ስክሪን የቆመ ነበር፤ ቁመቱ ከስፋቱ ይበልጣል። በአሁኑ ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ከወርዱ 42 በመቶ ገደማውን ብቻ ይይዛል። በማስተካከያ ለጥጣችሁ ሙሉ ስክሪን አታድርጉት፤ ዝንጀሮው ይደፈጠጣል፣ የዝላዩ ርቀትም ዓይናችሁን ያሳስተዋል። ስዊች ካላችሁ መቆጣጠሪያዎቹን አውጡና ስክሪኑን በቁመቱ አቁሙት፤ ሥዕሉን በሜኑ ማዞር ይቻላል። ከቴሌቪዥን ይልቅ ያ ትንሽ ስክሪን ነው ዋናውን ሣጥን የሚመስለው።

ቁልፉን ተጭኜ ሰውዬው የሚዘለው ዘግይቶ ነው።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቴሌቪዥኑ ነው። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ለማሳመር ሲያቀነባብር ጊዜ ይወስዳል። ጌሙ በሴኮንድ 60 ሥዕል ነው የሚያሳየው፤ ቴሌቪዥኑ 100 ሚሊ ሴኮንድ ቢያዘገይ በርሜሉ እናንተ ከምታዩት በስድስት ሥዕል ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው። በማስተካከያው ውስጥ ጌም ሞድ የሚለውን አብሩት። ይህን ብቻ አድርጎ ነጥቡ እጥፍ የሆነለት ወዳጅ አለኝ።

ሌላው ጆይስቲኩ ነው። የሚሽከረከረውን አውራ ጣት ዱላ ተዉትና የአራቱን አቅጣጫ ቁልፎች ተጠቀሙ። የሣጥኑ ዱላ አራት አቅጣጫ ብቻ ነበረው፤ ወደ ሰያፍ ከገፋችሁ መሰላል አልያዝ ይላል።

ማለቂያ አለው?

ዶንኪ ኮንግ መጨረሻ አልተሠራለትም፤ ግን 22ኛው ዙር ላይ ራሱ ይቆማል። ምክንያቱ ስሌት ነው። ለእያንዳንዱ ዙር የሚሰጠውን ሰዓት ለማወቅ ጌሙ የዙሩን ቁጥር በ10 ያባዛና 40 ይጨምራል፤ ከ80 በላይ ከሆነ 80 ላይ ይገታዋል። በ22ኛው ዙር 260 ይመጣል። የማሽኑ ማስታወሻ ክፍል ግን ከ255 በላይ አይቆጥርም፤ ከዜሮ ይጀምርና 4 ላይ ያርፋል። 4 ደግሞ ከ80 ስለሚያንስ አይገታም። ሰዓቱ የዚህ ቁጥር መቶ እጥፍ ነውና በ8,000 ፈንታ በ400 የሚጀምር ሰዓት ይሰጣችኋል፤ ጃምፕማን ላይ ሳይደርስ ይሞታል። እኔ እዚያ ደርሼ አላውቅም፤ አራተኛው ዙር ነው ጣራዬ።

ለሁለት ሰው የትኛው ይሻላል?

ማሪዮ ብራዘርስ። የማሪዮ ወንድም ሉዊጂም እዚህ አለ፤ ሁለቱ በአንድ ስክሪን አብረው ይጫወታሉ። ኤሊውን ከላይ መርገጥ የለመዳችሁ ተጠንቀቁ፤ እዚህ ስትረግጡት የምትሞቱት እናንተ ናችሁ። ከሥሩ ያለውን ወለል በጭንቅላት መትታችሁ ትገለብጡታላችሁ፤ ከዚያ ወጥታችሁ በእግር ታባርሩታላችሁ። ከዘገያችሁ ተነስቶ ቀለሙን ቀይሮ ይፈጥናል። ሸርጣኑ ሁለት ምት ይፈልጋል። መሃል ላይ ያለው ሁሉን የሚያናውጥ ብሎክ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ጓደኛችሁ ሊያባርር የወጣበትን ኤሊ ከሥር መትታችሁ መልሳችሁ ልታስነሱበት ትችላላችሁ። እኛ ቤት በዚህ ኩርፊያ ተነስቶ ያውቃል።

መተባበር የፈለጋችሁ በብል ቦብልን ክፈቱ። 100 ደረጃ አለው፤ እውነተኛው መጨረሻ የሚታየው ሁለት ሰው ሆናችሁ ከጨረሳችሁት ብቻ ነው። ፈጣሪው ፉኪዮ ሚትሱጂ እንዲህ አድርጎ መሥራቱን በጣም አከብርለታለሁ። እኔና ባለቤቴ ከ40ዎቹ ገና አልወጣንም።

ሺህ ጌም አለው የሚባለው ርካሽ መሣሪያስ?

ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው የፋሚኮም ቅጂ ነው፤ ከላይ ባልኩት የመክፈቻ ምልክት ፈትሹት። ፈቃድም የለውም።

ነጥቤን የት ልመዝግብ?

የድሮው ሣጥን ሦስት የላቲን ፊደል ብቻ ነበር የሚቀበለው። እኛ ቴሌቪዥኑ ሥር ደብተር አስቀምጠናል። ቀን፣ ነጥብ፣ የሞተበት ደረጃና ስም፤ ስሙ በአማርኛ። የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ 31,400 ብሎ ከእኔ በላይ ጽፎ ሄዷል።